በ64 ዓመት መሮጥ ጉልበት ይጨርሳል? አባቴን ላስቁማቸው ወይስ ልተዋቸው?

የሽምብጥ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አባቴ ልጠይቃችሁ ነው። 64 ዓመታቸው ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ይሮጡ ነበር፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ጭራሽ ጨምረዋል። በሳምንት ከአንድ ቀን በቀር አይቀሩም። ሰማዩ ሳይነጣ ቱታቸውን ለብሰው፣ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ባሕር ዳር ካለው ሰፈራችን ከሽምብጥ ይወጣሉ። በጣና ሐይቅ ዳር አድርገው እስከ ጊዮርጊስ፣ ደስ ካላቸውም እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሰው ይመለሳሉ። እሑድ እሑድ ከጤና ቡድናቸው ጋር የቤዛዊትን ዳገት ይወጣሉ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ፣ ቁርሳቸውን በደንብ በልተው፣ ጨዋታቸው ቀኑን ሙሉ አይጠገብም። ያልሮጡ ቀን ቤቱ ይጠባቸዋል።

ችግሩ የቀኝ ጉልበታቸው ነው። ከበርጩማ ሲነሡ ግድግዳ ይይዛሉ፤ ጥቂት እርምጃ እስኪሄዱ ያነክሳሉ፣ ከዚያ ይለቃቸዋል። እናቴ በዚህ ነገር ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ናት። አጎቴም «ጉልበት እንደ መኪና ጎማ ነው፣ በተነዳ ቁጥር ያልቃል፤ ሰባ ሲሞላህ በከዘራም አትሄድ» ይሏቸዋል። አንድ ክሊኒክ ወስጃቸው ነበር፤ ጉልበታቸውን እንኳ ሳይነኩ «በዚህ ዕድሜ ሩጫ ምን ያደርጋል፣ በእግርዎ ይንሸራሸሩ» ብለው ሸኙን። ከዚያ ወዲህ አባቴ የሐኪም ቤት ነገር ሲነሣባቸው አይወዱም።

ደም ግፊት አለባቸው፣ መድኃኒት ይወስዳሉ። እሑድ ዳገት ሲኖር ደግሞ ጉልበታቸው እንዳያስቸግራቸው ማለዳ አንድ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይውጣሉ።

ሰው እስከ እርጅናው ሲሮጥ ጉልበቱ የእውነት ያልቃል? ልቡስ? እንዲህ እየሮጡ ሰባና ሰባ አምስት ቢሞላቸው ምን ይጠብቃቸዋል? የሚያውቅ ሰው በእግዚአብሔር ይንገረኝ።

ዘንባባ ጥላ፦

እህቴ፣ እኔ ብሆን አስቆማቸው ነበር። ሰፈራችን ምንም የማያማቸው የሚባሉ አባት እየሮጡ ወድቀው በዚያው ቀሩ። የልብ ነገር አይታወቅም። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወክ ቢያደርጉ ይበቃቸዋል። ዕድሜ ይስጥልሽ።

ጡረተኛው የስፖርት መምህር፦

ልጄ፣ አታስቁሚያቸው። እኔ 68 ዓመቴ ነው፤ ስፖርት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ዛሬም በፔዳ በኩል ሶምሶማ እሮጣለሁ። አባትሽን በስም ባላውቃቸው በመልክ ሳላውቃቸው አልቀርም፤ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ዳር የሚሮጥ ሽበታም ጥቂት ነው፣ ስንተላለፍ እጅ እንነሣሣለን። ጉዳዩን እንደ ራሴ ጉዳይ ስለማየው ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትሰልቺ።

መጀመሪያ የጎማው ነገር። አጎትሽ ለአባትሽ ተቆርቁረው ነው የተናገሩት፤ ጎማ ግን የተበላው አይተካለትም። የጉልበታችን ልም አጥንት፣ ማለትም አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚለየው ለስላሳ ሽፋን፣ ሕይወት አለው። በውስጡ የደም ሥር ስለሌለው የሚመገበው መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ገብቶ የሚወጣለት ደግሞ ስንረግጥና ስናነሣ ነው። መርገጥና ማንሣት ሲቀር ምግቡም ይቀራል። ተቀምጦ የዋለ ጉልበት አርፏል ብለን ስናስብ ተርቦ ነው የሚውለው።

ይህን ነገር ለረጅም ዓመታት ተከታትለው ያዩ ሰዎች አሉ። አሜሪካ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 50 የደረሰና ያለፈ 538 ሯጮችን መዘገቡ፤ ለማነጻጸሪያ ጤናማ የሆኑ 423 የማይሮጡ ሰዎችን ጨመሩ። ያኔ ብዙ ባለሙያ የሚያስበው አጎትሽ የሚሉትን ነበር። ከ19 ዓመት በኋላ ሲቆጠር ከማይሮጡት 34 በመቶው፣ ከሯጮቹ 15 በመቶው አርፈው ነበር። እኔን ግን ከሞቱ ቁጥር ይልቅ ሌላው ነው የነካኝ፦ ልብስ መልበስ፣ ከወንበር መነሣት፣ ዕቃ መጨበጥ የሚያስቸግርበት ጊዜ ሯጮቹ ላይ ወደ 16 ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው የመጣው። ልጄ፣ 16 ዓመት በሰው እጅ ሳይደገፉ መኖር ማለት ለእኛ ዕድሜ ሰዎች ምን እንደሆነ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ አረጋዊ ያስታመመ ያውቀዋል።

ከእነዚያው ሰዎች መካከል የጥቂቶቹን ጉልበት እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ በራጅ ሲያዩት የሯጮቹ ከሌሎቹ የባሰ ተበልቶ አልተገኘም። በ2017 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩም የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ መበላት ለጤናቸው በሚሮጡት 3.5 በመቶ፣ በማይሮጡት 10.2 በመቶ፣ በውድድር ሯጮች ደግሞ 13.3 በመቶ ሆነ። በእርግጥ መጀመሪያም የሚሮጠው ጉልበቱ ደህና የሆነው ሰው ነው ሊባል ይችላል፤ ተመራማሪዎቹም ይህን አይክዱም። ቢሆንም ለጤናው የሚሮጥ ሰው ጉልበቱን እየጨረሰ ነው ለማለት የሚያበቃ ነገር አልተገኘም። ጉልበት የሚጨርሰው ቀድሞ ተጎድቶ በደንብ ያልዳነ መገጣጠሚያ፣ የሰውነት ክብደትና የጭን መስነፍ ነው።

የአባትሽ ጉልበት ሲነሡ ይዞ ጥቂት ሲሄዱ የሚለቅ ከሆነ ትንሽ መበላት ሊኖረው ይችላል፤ በእኛ ዕድሜ ብርቅ አይደለም፣ ለብቻውም ከሩጫ አያስቀርም። እንዲህ አድርጊ፦ ከሩጫ በመጡ ማግስት፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ሁለቱን ጉልበት ጎን ለጎን እዪ። በጉልበቱ ሎሚ ግራና ቀኝ ያለው ጎድጎድ ያለ ቦታ በቀኙ ሞልቶ ከጠፋ ውኃ ቋጥሯል ማለት ነው። ውኃ የሚቋጥር፣ መሐል ላይ ቆልፎ አልዘረጋ የሚል፣ ወይም እየሮጡ በሄዱ ቁጥር ሕመሙ የሚጨምር ጉልበት ሐኪም ማየት አለበት። ሲሞቅ የሚተው፣ በማግስቱም ያልባሰበት ግን ሊሮጥበት ይችላል።

የሚጎድላቸው የጭን ብርታት ይመስለኛል፤ ግድግዳ መያዛቸው እሱን ነው የሚነግረኝ። ሩጫ ብቻውን ጭን አያጠነክርም። ደጃፋችሁ አንድ ደረጃ አይጠፋም። በቀኝ እግራቸው ደረጃው ጠርዝ ላይ ይቁሙ፣ የግራውን ተረከዝ ቀስ እያሉ መሬት እስኪነካ ያውርዱ፣ ቀስ ብለው ይመለሱ። አንቺ ፊት ለፊት ሆነሽ ጉልበታቸውን ተመልከቺ፤ ወደ ውስጥ ከዞረ ወይም ከተንቀጠቀጠ ደረጃው ይነስ። ከበርጩማ በእጅ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥም ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም 65 ለሞላው ሰው ከሩጫና ከእርምጃ በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቂያ እንቅስቃሴ ይመክራል። የእኛ ጤና ቡድኖች ይህኛውን እርግፍ አድርገው ትተውታል፤ ሩጫው ካለቀ ማሳሳብ፣ ከዚያ ሻይ ቤት። በጣም ያሳስበኛል።

ስድስት ቀን መሮጡን ግን ይቀንሱ። በዕድሜ የሚለወጠው ዋናው ነገር የማገገሙ ፍጥነት ነው። የባትና የተረከዝ ጅማት ጉዳት በሽማግሌ ሯጭ ላይ የሚበዛው ጅማቱ ሳያገግም እንደገና ስለሚጫን ነው። አንድ ቀን ሮጠው አንድ ቀን በእርምጃ ቢያሳልፉ ምንም አይቀርባቸውም። ሲነሡም ቢያንስ አሥር ደቂቃ በእርምጃ ያሟሙቁ። ኮብልስቶኑን ይሽሹት፤ ቁርጭምጭሚት የሚዞረው እሱ ላይ ነው፣ በጨለማ ሲሆን ይብሳል።

ዘንባባ ጥላ፣ ያልከውን አልንቀውም። ከ35 ዓመት በላይ የሆነ ሰው እየሮጠ ሲወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የልብ የደም ሥር መጥበብ ነው። ግን መጠኑን እንወቅ፦ አሜሪካ ውስጥ ከ2000 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ማራቶንና ግማሽ ማራቶን ከሮጡ 10.9 ሚሊዮን ሰዎች መካከል ልባቸው ቀጥ ያለው 59 ናቸው። ይበልጥ የሚያሰጋውም ከርሞ ተቀምጦ አንድ ቀን ተነሥቶ በኃይል የሚሮጠው ሰው ነው። አባትሽ ባለፈው ወር እያወሩ የወጡትን ዳገት ዛሬ መሐሉ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ከቆሙ፣ ደረታቸውን ካፈናቸው፣ ከዞረባቸው፣ ልባቸው ያለ ሥርዓት ከመታ፣ የዚያን ዕለት ሐኪም ቤት ይሂዱ። ምንም ባይሰማቸውም ግፊት ያለበት ሰው ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ መነሣት አለበት።

ልብን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ስዊድን ውስጥ 90 ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ውድድር አለ፤ ከ52 ሺህ በላይ ተወዳዳሪዎች ተጠንተው የልብ ምት መዛባት የበዛው ደጋግመው በተወዳደሩትና ፈጣን በነበሩት ላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከመጠን ያለፈ ነገር ዋጋ አለው። የአባትሽ ሶምሶማ እዚያ አይደርስም፤ ከጤና ቡድን ወጣቶች ጋር ዳገት ላይ መፎካከር ግን ይቅርባቸው።

እና ልጄ፣ ሁላችሁም ስለ ጉልበት ስትጨቃጨቁ እኔን ያስፈራኝ ዳይክሎፌናኩ ነው። የመድኃኒት ባለሙያ እዚህ ካለ እባክህ ተናገር።

ከመድኃኒት ቤት፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። እህቴ፣ የግፊት መድኃኒታቸውን ስም ከማሸጊያው ላይ አንብበሽ ጻፊልኝ። እስከዚያ ዳይክሎፌናኩን አይውሰዱ፤ የግፊቱን መድኃኒት ደግሞ በምንም ዓይነት አያቋርጡ።

የሽምብጥ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ መልስዎን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እጅ እንነሣሣለን ያሉት ላይ ሲደርስ «ነጭ ኮፍያ የሚያደርገው ነው!» አሉ። እርስዎ ያሉት ስለሆነ ኢሲጂ ለመነሣት እሺ ብለዋል፣ ተመስገን።

የመድኃኒቶቹ ስም አንዱ ኤናላፕሪል፣ ሌላው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ አባቴ ጾም አይገድፉም። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም፤ ጠዋት ግን እንደ ወትሮው ይሮጣሉ። ይህስ እንዴት ነው?

ከመድኃኒት ቤት፦

እህቴ፣ የጠረጠርኩት ነው። በደንብ ልንገርሽ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሽንት በኩል ውኃና ጨው ያስወጣል። ኤናላፕሪል ከኩላሊት ማጣሪያ የሚወጣውን የደም ሥር ያሰፋል። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ወደ ማጣሪያው የሚያስገባውን የደም ሥር ያጠባል። ለየብቻቸው ችግር ላያመጡ ይችላሉ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የሚገባው ደም ያንሳል፣ የሚወጣው ይሰፋል፣ የሰውነት ውኃም ቀንሷል፤ ኩላሊት የሚያጣራበት ግፊት ያጣል። በዚያ ላይ ዳገት፣ የባሕር ዳር ሙቀትና ላብ ሲጨመር ኩላሊት በድንገት ሊዳከም ይችላል። አያምም፣ አይጮህም፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። ስለዚህ ኢሲጂ ሲነሡ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒንና ፖታስየምም በደም ምርመራ ይታይላቸው።

ዳይክሎፌናክ በራሱም ግፊት ይጨምራል፣ የግፊቱን መድኃኒትም ሥራ ይቀንሳል። አዘውትሮ መውሰድ ለልብም አደጋ አለው። ያለ ማዘዣ ስለሚገኝ ሰው እንደ ከረሜላ ያየዋል፤ መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ በየቀኑ የማየው ነው። ከሩጫ በፊት ሲወሰድ ደግሞ ጉልበት «ተጎድቻለሁ» የሚልበትን ምልክት ያፍናል። ሕመም ካለ በቅባት መልክ የሚመጣው ዳይክሎፌናክ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን ምርመራው ከታየ በኋላ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው ይጀምሩት።

ሌላው፣ ሮጠው ሲጨርሱ ቀጥ ብለው አይቁሙ። ግፊት ከሩጫ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ዝቅ ይላል፣ መድኃኒቱ ሲጨመርበት ሊያዞር ይችላል። ቀስ እያሉ ይራመዱ። በሌላ በኩል ግፊት ያለበት ሰው አዘውትሮ ሲንቀሳቀስ የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ነጥብ ያህል ይወርዳል፤ ይህ ከአንድ መድኃኒት የሚስተካከል ነው። ስለዚህ እኔም ከመምህር ጋር ነኝ፣ አታስቁሚያቸው።

የአራት ልጆች እናት፦

ስለ አባቶች ብቻ እንዳይቀር እኔም ልናገር። 57 ዓመቴ ነው፣ ዲያስፖራ ሰፈር ነው የምኖረው። መሮጥ ስጀምር «በዚህ ዕድሜዋ ምን ያሯሩጣታል» ያላለኝ ጎረቤት የለም። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲቆም አጥንቷን የሚጠብቀው ሆርሞን ይወርዳል፣ አጥንት ቶሎ ቶሎ ይሳሳል። እግር መሬት ሲመታ አጥንት ይጠነክራል፤ እናቶቻችን አንድ ጊዜ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ የሚቀሩት ለምን እንደሆነ ያየ ሰው ይህን ቀላል ነገር አይለውም። አጥንቷ ቀድሞ የሳሳባት ግን መጀመሪያ ትታይ፣ በእርምጃና በማጠንከሪያ ትጀምር።

ማንም ደፍሮ የማያወራውን ላውራው። ብዙ የወለድን ሴቶች ስንሮጥ ሽንት ያመልጠናል። አብዛኛዋ በዚህ አፍራ ነው የምትተወው፣ ለባሏም አትናገርም። መድኃኒት አለው፦ ሽንት እንደሚይዝ ሰው የታችኛውን ጡንቻ ጨብጦ ማቆየትና መልቀቅ፣ በየቀኑ እየደጋገሙ። ሳምንታት ይፈጃል፣ ግን ይረዳል። ካልሆነም የማሕፀን ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጋ መሄድ ነው። እህቴ፣ እናትሽንም ይዘሽ ውጪ። ከአባትሽ ጋር ባይሮጡም እስከ ጊዮርጊስ በእርምጃ ይድረሱ፤ ጭቅጭቁም ይቀንሳል።

ጡረተኛው የስፖርት መምህር፦

ነጭ ኮፍያው እኔ ነኝ፣ ልጄ። ሰላም በይልኝ።

የጾሙን ነገር ደህና አድርገሽ አነሣሽው። በዕድሜ ጥማት ይደክማል፤ ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ወጣቱ ቶሎ ይጠማዋል፣ እኛ አይሰማንም። አባትሽ ማለዳ ላብ አፍስሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ሳይቀምሱ፣ በዚያ ላይ ውኃ የሚያስወጣውን ኪኒን ወስደው መዋል የለባቸውም። በጾም ወራት ሩጫውን ወደ ማታ ያዙሩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልተው፣ ውኃ በደንብ ጠጥተው፣ 11 ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ሲበርድ ይውጡ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። መድኃኒቱን በጾም በየትኛው ሰዓት እንደሚወስዱ ፋርማሲስቱ ወይም ሐኪማቸው ይወስን፤ በራሳቸው አያሸጋሽጉ።

ምግቡም ይታሰብበት። በእኛ ዕድሜ ጡንቻ ለመጠገን ከወጣትነታችን የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልገናል፤ ለአረጋውያን የሚመከረው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው። በጾም ሽሮና ምስር በእንጀራ በርከት ይበል። ሲፈታ እንቁላል፣ ከጣና የወጣ ቀረሶ ዓሣ።

ሰባና ሰባ አምስት ሲሞላቸው ምን ይጠብቃቸዋል ላልሽው፣ ፍጥነታቸው ይቀንሳል፣ ይህ ለማንም አይቀርም። ቁጭ ባለ ሰው የትንፋሽ አቅም በየአሥር ዓመቱ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ ልምምድ ባላቋረጠ ሰው ግን ግማሹን ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ካናዳዊው ኤድ ዊትሎክ በ73 ዓመቱ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ገባ፤ በ85 ዓመቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ 3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ፈጀበት። ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቷል፣ ግን ሮጦ ጨርሷል። እኛ እሱ እንሁን አልልም፤ የሰው አካል ምን ያህል እንደሚችል ይወቁት ብዬ ነው።

የክሬቲኒኑና የኢሲጂው ውጤት ሲመጣ እዚሁ ጻፊልን። ደህና ከሆነ ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በጊዮርጊስ በር በኩል እጠብቃቸዋለሁ፤ የደረጃውን እንቅስቃሴ በአካል አሳያቸዋለሁ። እናትሽም ይምጡ።